የበሶብላ ዘይት ወይስ በሶብላው ራሱ?

ውጤቱን ከፊት ላስቀምጠው። ቦሌ አካባቢ ካለ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ የገዛሁት 10 ሚሊ ሊትር የበሶብላ ዘይት ከአምስት ኮከብ ሁለት ያገኛል። ሁለቱም ለሽታው ነው። ለጤና ይሆናል ተብሎ ለተወራለት ምንም አልሰጠሁትም። ለዋጋውም እንደዚሁ፤ ከ1,000 ብር በላይ ነው የተከፈለበት። መርካቶ በርበሬ ተራ የሚሸጠው ደረቅ በሶብላ ግን አምስት ከአምስት ነው፣ አቧራውን እናንተ ካራገፋችሁለት። ለምን እንደዚህ እንዳልኩ ከታች እጽፋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ምክንያቱም በየቲክቶኩ ስለዚህ ዘይት የሚወራው አንጀቴን አቃጥሎታል።

የሱቁን ስም አልጠራም። ንጹህ ሱቅ ነው፣ መብራቱ ደማቅ ነው፣ ጠርሙሶቹ በመስመር ተደርድረዋል፣ ላቬንደሩ ከነባህር ዛፉ ከነሎሚው። ሻጯ ሰው አክባሪ ልጅ ናት። ምን እንደምፈልግ ሳልነግራት ጀመረችው፦ «እህቴ፣ ይሄ ለስኳር ነው፣ ለግፊት ነው፣ ለጨጓራ ነው፣ ጸጉርም ያበቅላል። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ሦስት ጠብታ ነው የምትጠጪው።» አንድ ጠርሙስ ይህን ሁሉ ከቻለ ጥቁር አንበሳ ምን ይሠራል ታዲያ? የየትኛው በሶብላ ዘይት እንደሆነ ጠየቅኳት። «በሶብላ በሶብላ ነዋ፣ ደግሞ ምን ዓይነት ይኖረዋል?» አለች። እውነቷን ነው፣ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው። የዚህ ዘይት ችግር በሙሉ ግን ያለው እዚህ ላይ ነው። በሶብላ ብዙ ዓይነት ነው፣ ዘይቱም እንደ ዓይነቱ ፈጽሞ የተለያየ ነገር ነው፣ ዓይነቱን የማይናገር ጠርሙስ ደግሞ ገንዘብ የሚወጣበት አይደለም።

ዘይቱ እንዴት እንደሚወጣ ለማያውቅ፦ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ቅጠሉና አበባው በአንድ ትልቅ ዕቃ ይታጨቃል፣ ከስር እንፋሎት ይለቀቅበታል፣ እንፋሎቱ ሽታውን ይዞ በቱቦ ይወጣል፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽ ይመለሳል። ልዩነቱ እዚህ የምንፈልገው ከውሃው በላይ የሚንሳፈፈውን ስስ ዘይት መሆኑ ነው። ያ ዘይት የሚመጣው በቅጠሉና በአበባው ላይ ካሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ነው። በሶብላ ስትነኩ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ሽታ የእነሱ ነው፣ ሲፈነዱ። የሚገኘው መጠን ግን በጣም ትንሽ ነው። ከ100 ኪሎ ትኩስ ተክል ብዙውን ጊዜ ግማሽ ኪሎ ዘይት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ እውነተኛው ዘይት ውድ መሆኑ አይገርምም፤ የሚያጠራጥረው በጣም ሲረክስ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። እንዲህ በእንፋሎት የወጣ ዘይት በእንግሊዝኛ ኢሴንሻል ኦይል ይባላል። በኢንተርኔት የበሶብላ ቅጠል ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው ፀሐይ ላይ አስቀምጠው «ኢሴንሻል ኦይል በቤት ውስጥ» የሚሉ አሉ። አይደለም። ያ ሽታ የገባበት የምግብ ዘይት ነው፣ ሌላ ዕቃ ነው። ክፋት የለውም ለጸጉር ከሆነ፣ ግን እርጥብ ቅጠል ዘይት ውስጥ ሰምጦ ከፍሪጅ ውጭ ከሰነበተ አየር በሌለበት የሚራባ አደገኛ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። ለምግብ አታውሉት።

ወደ ዓይነቶቹ ልመለስ። ሁሉም በአንድ የሳይንስ ስም፣ ኦሲመም ባሲሊከም፣ ይጠሩ ይሆናል፤ ስሙ ከ1753 ጀምሮ ያለ ነው። ውስጣቸው ያለው ኬሚካል ግን ይለያያል። ለገበያ የሚቀርቡት ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሊናሎል የሚበዛበት ነው፤ አውሮፓና ግብፅ ውስጥ የሚመረተው ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ሲሆን ሽታው ለስለስ ያለ፣ አበባ አበባ የሚል፣ ወደ ላቬንደር የሚሄድ ነው። ሁለተኛው ሜቲል ቻቪኮል የሚበዛበት ነው፣ ኢስትራጎልም ይሉታል። ህንድ፣ ቬትናምና ኮሞሮስ የሚታወቁት በዚህ ነው። ሽታው እንስላል ነው፣ ቁርጥ እንስላል፣ ትንሽ ጣፋጭ ነገር የተጨመረበት። ከእነዚህ ሌላ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚሸት አለ፣ በዩጂኖል ምክንያት። አፈር፣ የመከር ጊዜ፣ ከፍታ፣ ዘር፣ ሁሉም ይለውጠዋል።

የኔ ጠርሙስ መለያ ላይ ያለው ይኸው ነው፦ የተክሉ ስም፣ «100 በመቶ ንጹህ» የሚል ወርቃማ ጽሑፍ፣ የህንድ ምርት፣ የሚያበቃበት ጊዜ። የባች ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረተውን የሚለይ ቁጥር፣ የለም። የይዘት ዝርዝር የለም። ከየትኛው የተክሉ ክፍል እንደወጣ አልተጻፈም። ክዳኑን ስከፍተው ግን ራሱ ተናገረ፣ ቤቱ በሙሉ እንስላል እንስላል አለ። ላቦራቶሪ የለኝም፣ አፍንጫ ግን አለኝ። የሜቲል ቻቪኮሉ ዓይነት ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

ይህ ለምን አስፈለገ ትሉኝ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 የአውሮፓ ኅብረት የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ ኢስትራጎልን መርምሮ ዘረመልን (ዲኤንኤን) የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ ነው ሲል ደመደመ፤ በአይጦች ጉበት ላይ ዕጢ ማብቀሉ ታይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የኅብረቱ ደንብ ደግሞ ኢስትራጎልን ለብቻው ለይቶ ምግብ ውስጥ መጨመር ተከለከለ። ይህን ስትሰሙ ሽሮአችሁን እንዳትደፉ! አንድ ማንኪያ ሽሮ ውስጥ ያለው በሶብላ ቁንጥር እንኳ አይሞላም፣ ከቁንጥሩም ውስጥ ዘይቱ ከመቶ አንድ እጅ ቢሆን ነው። ተጣርቶ የወጣ ዘይት በባዶ ሆድ ሦስት ጠብታ፣ በየቀኑ፣ ለወራት፣ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው። ያውም ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም። ጠብታው ብርጭቆው ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ ሳይቀጥን ከንፈርና ጉሮሮ ያገኛል፣ ያቃጥላል። ስኳርና ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ መድኃኒቱን ትቶ ይህን እንዳይጀምር እፈራለሁ። በዚህ ላይ ሻጮቹን አዝንባቸዋለሁ፣ ከልቤ።

ለማወዳደር ሁለት ሌሎች ጠርሙሶች አገኘሁ። አንዱን ጓደኛዬ ከዱባይ ስትመጣ አምጥታልኛለች፣ የግብፅ ነው። መለያው ላይ የተክሉ ስም አለ፣ ከአበባና ቅጠል መውጣቱ አለ፣ የባች ቁጥር አለ፣ «ሊናሎል» የሚል ቃል አለ፣ የተመረተበት ወርም አለ። በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነገር የለበትም። ስታሸቱት መጀመሪያ ትኩስ ሣር ነው፣ ከዚያ አበባ፣ ከዚያ ወደኋላ ላይ ትንሽ የባህር ዛፍ ነገር ብቅ ይላል። ከኔኛው ጋር ጎን ለጎን ብታሸቷቸው የአንድ ተክል ዘይት ናቸው ብላችሁ አታምኑም። ይኸኛው ለኔ አራት ኮከብ ነው። አምስተኛውን የነፈግኩት እዚህ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።

ሌላኛውን ከመንገድ ዳር ገዛሁት፣ ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ፣ ዋጋው የሻይ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ጠርሙሱ ነጭ ፕላስቲክ ነው። በቃ፣ እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ዘይት ፕላስቲክ ይበላል፣ ብርሃንም አይወድም፤ ለዚህ ነው ደህናው ሁሉ በጠቆረ ብርጭቆ የሚሸጠው። ለማንኛውም ሦስቱንም ነጭ ወረቀት ላይ አንዳንድ ጠብታ አደረግኩና ትቼ ወጣሁ። ስመለስ የግብፁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፣ የህንዱም እንዲሁ፤ የመንገዱ ግን ፓስቲ የተጠቀለለበት ወረቀት መስሎ ቁጭ ብሏል። የምግብ ዘይት ነው በጥቂት ሽታ። ይህ ሙከራ ሁሉንም ማጭበርበር አያጋልጥም፣ በሌላ ኬሚካል የተበረዘ ዘይት ወረቀት ላይ ሳያስታውቅ ሊያልፍ ይችላል፣ ግን በምግብ ዘይት የቀጠነውን ወዲያው ይይዘዋል። ገንዘብም አይጠይቅም።

ቤት ውስጥ ለምን ተጠቀምኩበት? የህንዱን ለክፍል ሽታ ብቻ። ትንሽ ሙቅ ውሃ፣ አንድ ሁለት ጠብታ፣ መስኮት ገርበብ። ሽንኩርት ከተቁላላ በኋላ ቤቱን ያድሳል፣ ይህን አልክድም። ጥጥ ላይ ጠብ አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥም አስቀምጬዋለሁ። ቆዳዬ ላይ አላደረግኩትም፣ አላደርግምም።

የግብፁን ግን ለማሸት ተጠቅሜበታለሁ። ለ30 ሚሊ ሊትር የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት 6 ጠብታ ያህል፣ ከመቶ አንድ እጅ ማለት ነው። ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጎንብሼ ስውል አንገቴና ትከሻዬ ድርቅ ይላል፣ ማታ በዚህ ሲታሽ ደስ ይላል። ማሸቱ ነው ወይስ ዘይቱ? ማሸቱ ነው ባይ ነኝ፣ ሽታው ግን ያግዛል። መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ትንሽ ሞክሩና አንድ ቀን ጠብቁ። ሊናሎል አየር ሲያገኘው ቀስ እያለ ይበላሻል፣ የተበላሸው ደግሞ ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ ክዳኑን ጥብቅ፣ ቦታውን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ አድርጉት፤ ከተከፈተ ከዓመት ከሁለት ዓመት በላይ የቆየውን ለቆዳ አትጠቀሙበት።

ጸጉርስ? ያበቅላል የሚለውን እርሱት። ግን አንድ ነገር ሞከርኩ፦ ለጋ ቅቤ ጸጉሬን ስቀባ ከግብፁ ሁለት ጠብታ ቅቤው ላይ አሸሁበት። የቅቤው ሽታ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግን ታክሲ ውስጥ የጎን ሰው ፊቱን አላዞረም። እናቶቻችን ቅቤውን በአደስ እያሹ ይቀቡት የለ? ያው ነው፣ ጠርሙስ ገባበት እንጂ። እኔን ከጠየቃችሁኝ አደሱ ይሻላል።

ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት ግን ሁለቱም ዓይነት ይቅር። ጠርሙሱንም ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት፣ ሽታው ጣፋጭ ስለሆነ ልጅ ይቀምሳል።

አሁን ወደ ደስ የሚለው ክፍል። በርበሬ ተራ ስትገቡ ማስነጠስ አይቀርም፣ እሱን ታገሡ። በሶብላ የምገዛቸው እናት አሉ፣ ከኮሰረቱና ከጥቁር አዝሙዱ መሀል ተቀምጠው። «እማማ፣ ዘንድሮ በሶብላው እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ነይ አሽቺው ልጄ፣ እኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ» አሉና ጭብጥ አድርገው እጄ ላይ አሽተው ሰጡኝ። የሸቀጥ መግለጫ ማለት ይህ ነው። ቦሌ ያለው ሱቅ ጠርሙሱ እንዲከፈት አልፈቀደም፣ እዚህ ግን ሳይሸተት አይሸጥም።

ስትገዙ የምታዩት ይኸው ነው። ለሽሮና ለበርበሬ የሚፈለገው በዋናነት አበባው ነው፣ ዘለላው። እንጨቱ የበዛበትን አትውሰዱ፣ ሚዛን ነው የሚያነሳው እንጂ ሽታ የለውም። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅነት የሚያደላ ቡናማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ግራጫ ከሆነ ወይ ከርሟል ወይ ፀሐይ መቶታል። በመዳፍና በመዳፍ መሀል ፈተግ ሲያደርጉት ወዲያው መሽተት አለበት። ሁለተኛ ጊዜ ማሸት ካስፈለገ ተዉት። ተፈጭቶ የተዘጋጀ በሶብላ እኔ አልገዛም፣ ዱቄት ከሆነ በኋላ ምን እንደተጨመረበት ማን ያውቃል፤ ሽታውም በፍጥነት ይበናል። ቤት ስትደርሱ በወንፊት አራግፉት፣ ድንጋይ ልቀሙ፣ ጥላ ላይ አናፍሱት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ የከፈላችሁበትን ዘይት ፀሐይዋ ትወስደዋለች። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ።

ምን ላይ ይገባል? ምጥን ሽሮ ላይ፣ እሱ ግልጽ ነው፤ በሶብላ የሌለው ሽሮ ሽሮ ነው ግን ዝም ያለ ሽሮ ነው። በርበሬ ሲዘጋጅ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር አብሮ ይወቀጣል። ለኔ ግን የበሶብላ ትልቁ ሥራ ቅቤ ላይ ነው። ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድና በሶብላ ሲገባበት ምን እየሆነ እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የበሶብላው ሽታ ያ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠው ዘይት ነው። ዘይት በውሃ አይሟሟም፣ በቅባት ግን ይሟሟል። ስለዚህ ቅቤው ቀስ እያለ ሽታውን ከአበባው ይስበዋል፣ ከዚያ ስናጠልለው ገለባው ይቀራል፣ ሽታው ቅቤው ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ያለ እንፋሎት፣ ያለ ቱቦ፣ ያለ ወርቃማ መለያ። መጠኑም ለሆድ የሚመች ነው። እኔ ኮሰረቱንና በሶብላውን ወደ መጨረሻው ነው የምጨምረው፣ እሳቱ ዝቅ ካለ በኋላ፤ ቀድሞ ከገባ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ጎረቤት ይበላዋል። እናቴ በዚህ አትስማማም፣ ከመጀመሪያው ነው የምትጨምረው፣ የእሷ ቅቤም ከእኔ ይጣፍጣል። እንግዲህ።

ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሰፊ ቅጠል ያለው ባዚልስ? እሱም ያው ኦሲመም ባሲሊከም ነው፣ የጣሊያኖቹ ፓስታ ላይ የሚገባው። ቅጠሉ ወፍራምና ለስላሳ ነው፣ ትኩሱ ነው የሚበላው፣ ሲደርቅ ሽታው ይደክማል። ቲማቲም ላይ ጎበዝ ነው፣ ሽሮ ላይ ግን አቅም የለውም። የኛው ደግሞ በተቃራኒው፣ ደርቆም የሚናገር ነው። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም አልልም፣ ቅር ሳይለው የሚበላ ሰው ግን አላየሁም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ የሀገር ቤቱ ሲያልቅባት በደረቅ ባዚል ሞክራ «ሽሮዬ ፒዛ ሆነ» ብላ ደወለችልኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያሉ የሐበሻ ሱቆች ደረቁን በሶብላ በፌስታል ይሸጣሉ፣ ቅርብ የሆነ ሰው ከዚያ ቢገዛ ይሻለዋል። ሻንጣ ውስጥ ስትልኩላቸውም ፈጭታችሁ ሳይሆን በዘለላው ላኩ፣ እዚያ ይፈጩት።

መትከል ለሚፈልግ፣ በሶብላ አስቸጋሪ ተክል አይደለም። ፀሐይ ይፈልጋል፣ ውርጭ አይችልም፣ እግሩ ውሃ ውስጥ ሲቆም ይበሰብሳል። ዘሩ ጥቃቅን ጥቁር ነው፤ ውሃ ሲነካው ዙሪያውን ዝልግልግ ነገር ያወጣል፣ ህንድ ውስጥ ይህንኑ መጠጥ ላይ ይጨምሩታል። በጥልቀት አትቅበሩት፣ አፈሩን ሸፈን ብቻ። ለቅጠል የምትፈልጉት ከሆነ የአበባውን እምቡጥ እየቆረጣችሁ ጣሉ፣ ቅጠሉ ይበዛል። ለሽሮ ከሆነ ግን አበባው ነው ዋናው፣ ተዉት ያብብ፣ ንቦችም ይደሰታሉ። ዘይት አምራቾችም የሚያጭዱት ማበብ ሲጀምር አካባቢ ነው፣ ዘይቱ የሚበዛው ያኔ ነውና። የቆረጣችሁትን ትኩስ ቅጠል ፍሪጅ አታስገቡ፣ ቅዝቃዜ ያጠቁረዋል፤ ግንዱን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት።

ስለ ዳማከሴ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ሻጯ «ለምችም ይሆናል» ብላኛለች። ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው፣ ኦሲመም ላሚፎሊየም ይባላል፣ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ተክል ነው። ምች ሲመታን ቅጠሉን አሽተን የምናሸተው፣ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርገን የምንጠጣው እሱን ነው። የአንድ ጭብጥ ቅጠል ጭማቂ አብዛኛው ውሃ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ደግሞ ከኪሎዎች ተክል የተሰበሰበ ዘይት ነው፣ ያውም የሌላ ተክል። የሴት አያቴ ዳማከሴ ስለጠጣች የህንድ ዘይት ቡናዬ ላይ ልጨምር የሚል ሰው ካለ፣ እባካችሁ ያዙልኝ።

ማን ይግዛው እንግዲህ? ሽታ የሚወድ፣ ቤቱን በአየር ማደሻ ቆርቆሮ መርጨት የሰለቸው፣ ወይም ማሳጅ የሚሠራና ማቅጠን የሚያውቅ ሰው ይግዛ። 10 ሚሊ ሊትር ወደ 200 ጠብታ ነው፣ በአግባቡ ከያዛችሁት ብዙ ይቆያል፣ ስለዚህ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ለሊናሎሉ ዓይነት ብትከፍሉ ይሻላል። ሱቅ ስትገቡ የተክሉን የሳይንስ ስም፣ የመጣበትን ሀገር፣ የባች ቁጥሩንና ከሊናሎልና ከሜቲል ቻቪኮል የትኛው እንደሚበዛበት ጠይቁ። ሻጩ የማያውቅ ከሆነ ችግር የለውም፣ መለያው ይናገር። መለያውም ካልተናገረ ውጡ። ለመድኃኒት ብላችሁ ከሆነ አትግዙት፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ለወጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አታስቡት፣ በዚያ ገንዘብ በርበሬ ተራ ሄዳችሁ የምትገዙት በሶብላ ለእናንተም ለጎረቤትም ይተርፋል።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ በሶብላ የሚያበቅል ሀገር ይዘን ከህንድ የመጣ ጠርሙስ ላይ እንከራከራለን። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማና የመድኃኒት ተክሎች ላይ ነው የሚሠራው፣ ዘይት ማውጣትንም ያውቁበታል። ከኛው በሶብላ የወጣ፣ ይዘቱ ተመርምሮ መለያው ላይ የተጻፈ፣ በጠቆረ ብርጭቆ የታሸገ ዘይት ሱቅ ላይ ካያችሁ ጻፉልኝ። ዋጋውንም አብራችሁ ጻፉ፣ ቀጥሎ የምሞክረው እሱን ነው።